«ደህና ነኝ» ለሳንባ ሐኪም መልስ አይሆንም

ረሆቮት፣ ቅርያት ሞሼ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አባት «እንዴት ከረሙ?» ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው የታወቀ ነው፤ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። የጨዋ ሰው መልስ ነው። ሰላምታ ላይ ሕመሙን የሚዘረግፍ ሽማግሌ የለም፤ እንዲህ ተደርጎ አላደገም። ችግሩ ያው መልስ ኩፓት ሆሊም ውስጥ፣ ሐኪሙ ፊት ሲደገም ነው። ሐኪሙ «ትንፋሽ ያጥርሃል?» ይላል (በዕብራይስጥ አንቱ የለም፤ ለዚህ ማንም አይቀየመውም)። የልጅ ልጅ ይተረጉማል። አባት «ኧረ ደህና ነኝ፣ ትንሽ እርጅና ነው እንጂ» ይላሉ። ኮምፒውተሩ ላይ «ቅሬታ የለውም» ተብሎ ይመዘገባል። ብርዱና ዝናቡ ሲመጣ ግን ሌሊት አምቡላንስ ይጠራል።

ሥር በሰደደ የሳንባ በሽታ ላይ ይህ ጨዋነት ብዙ ያስከፍላል። ሳንባ እንደ ጥርስ አይጮህም። በቀስታ ይደክማል፤ ሰውየውም አብሮት በቀስታ ኑሮውን ያሳጥራል። የሳንባ ሐኪሞች አፍን ትተው እግርን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ታማሚው ስድስት ደቂቃ ይራመዳል፣ የሄደበት ርቀት በሜትር ይለካል። ምርመራው ርካሽ ነው፣ መርፌ የለውም፣ መራመድን ደግሞ የማያውቅ የለም። ይሁንና ከኢትዮጵያ በመጡ አረጋውያን ላይ ሲደረግ እውነቱን እንዲናገር ከተፈለገ መስተካከል ያለባቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዱ የክሊኒኩ ሥራ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የሽማግሌዎቹ የራሳቸው።

«እኔ እኮ ተመርምሬአለሁ፣ ቱቦ ውስጥ ነፍቼአለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነት ነው። ስፓይሮሜትሪ የሚባለው ምርመራ ሰው በሙሉ ኃይሉ ሲነፋ በመጀመሪያው አንድ ሴኮንድ ምን ያህል አየር እንደሚያወጣ ይለካል። የአየር ቧንቧው መጥበቡ የሚታወቀው በእሱ ነው፤ ያለ እሱ አይሆንም። ነገር ግን ሰውየው ምን መሥራት እንደሚችል አይናገርም። ጎንደር ውስጥ አንጥረኛ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወናፉ ጥሩ ስለነፋ ብቻ ማረሻ አይወጣም። ከሰሉ መኖር አለበት፣ እሳቱ መያዝ አለበት፣ መዶሻውን የሚያነሳ ክንድም ያስፈልጋል። ሰውነትም እንደዚያው ነው፦ ሳንባ አየሩን ያስገባል፣ ደም ኦክስጅኑን ይሸከማል፣ ልብ ደሙን ይገፋል፣ የጭን ጡንቻ ይሠራበታል። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚደረግ ምርመራ የሚያየው ወናፉን ብቻ ነው። በትንፋሽ መለኪያው እኩል ቁጥር ያገኙ ሁለት ሰዎች አንዱ ሄርጽል መንገድ ድረስ በእግሩ ሄዶ ዕቃ ገዝቶ ሲመለስ፣ ሌላው ጫማውን ለማሰር ሁለት ጊዜ ሊያርፍ ይችላል።

ሐኪሞች የትንፋሽ ማጠርን ከ0 እስከ 4 በሚሄድ አጭር መለኪያ ይጠይቃሉ። 0 ማለት ከባድ ሥራ ሲሠራ ብቻ ትንፋሹ የሚያጥር ነው። 1 ሲቸኩል ወይም ትንሽ ዳገት ሲወጣ። 2 በሜዳ ላይ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የሚቀር ወይም በራሱ እርምጃ ሲሄድ እንኳ ቆም የሚል። 3 መቶ ሜትር ያህል ሄዶ የሚያርፍ። 4 ከቤት መውጣት ያቃተው፣ ልብስ ሲለብስም ትንፋሹ የሚቆራረጥ። ጥሩ መለኪያ ነው፤ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ዳገት መውጣት የተወ ሰው «ዳገት ስትወጣ ያጥርሃል?» ሲባል «አይ፣ አያጥረኝም» ይላል። አልዋሸም። አይወጣማ!

መተዉ የሚጀምረው ከሩቁ ነው። በመጀመሪያ ለስግድ ኢየሩሳሌም መሄድ ይቀራል፤ «ሰው ይበዛል፣ ፀሐዩ ይከብዳል» ይባላል። ቀጥሎ ሌላ ከተማ ያለ ለቅሶ ይቀራል፣ ልጅ ይላካል። ቀጥሎ ጸሎት ቤቱ ይርቃል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እናት በቀን ሁለት ጊዜ ይወርዱ የነበሩት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሆናሉ። ቤተሰቡ «እማ ቤት መዋል ትወዳለች» ይላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ቀን ትንፋሽ የሚለው ቃል አልተነሳም። «እርጅና ነው» የሚለው ቃል ሁሉንም ሸፍኖታል፤ የሳንባ በሽታ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አያገኝም። እርጅና እርምጃን ያዘገያል እንጂ በሜዳ ላይ መቶ ሜትር ሄዶ አያስቆምም።

በሽታው ከየት መጣ የሚለው ለብዙዎች እንቆቅልሽ ይሆናል፤ በተለይ ሲጋራ በአፋቸው ነክተው ለማያውቁ እናቶች። መልሱ ጎጆው ውስጥ ነው። ጭስ መውጫ በሌለው ቤት በማገዶና በኩበት እንጀራ የጋገረች፣ ሸክላ የተኮሰች፣ ሌሊት በኩራዝ ጥጥ የፈተለች ሴት በየቀኑ ጭስ ስትጠጣ ኖራለች። የቤት ውስጥ ጭስ የአየር ቧንቧን እንደሚያጠብ የዓለም ጤና ድርጅት ከዓመታት ጀምሮ የሚናገረው ነው። ከሰል ላይ አጎንብሶ ብረት የቀጠቀጠ ወንድም ከዚያ አላመለጠም። የቀድሞ የሳንባ ነቀርሳም ከተፈወሰ በኋላ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የእስራኤል የቤተሰብ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ዘንድ አስም ባልተለመደ ሁኔታ በዝቶ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ስለዚህ «አላጨስኩም፣ የሳንባ በሽታ ከየት ይመጣብኛል» ማለት አያስተማምንም።

እንግዲህ ወደ እርምጃው። ታሪኩ የሚጀምረው ከወታደር ነው። በ1968 ኬኔት ኩፐር የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የወታደሮችን ጉልበት ለማወቅ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያስሮጣቸው ነበር። በ1976 የብሪታንያ ሐኪሞች ሩጫውን ወደ እርምጃ ለውጠው ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞከሩት። አሥራ ሁለት ደቂቃ ለደከመ ሰው ረዘመ፤ በ1982 ስድስቱም እንደሚበቃ ታየ። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር በ2002 መመሪያ አወጣለት፣ በ2014 ደግሞ አውሮፓውያኑና አሜሪካውያኑ በጋራ አሻሻሉት።

አሠራሩ ይህ ነው። 30 ሜትር ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ኮሪደር፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ምልክት፣ ወንበር፣ ሰዓት፣ ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ። ታማሚው የሚመች ጫማ ያደርጋል፣ የሚተነፍሰውን መድኃኒት እንደወትሮው ይወስዳል፣ በምርኩዝ የሚሄድ ከሆነ ምርኩዙን ይይዛል። ከመጀመሩ በፊት ያርፋል። ከዚያ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል ርቀት ይሄዳል። መሮጥ የለም። ቢደክመው መቆም፣ ግድግዳ መደገፍ፣ መቀመጥም ይችላል፤ ሰዓቱ ግን አይቆምለትም። በየደቂቃው መርማሪው ይህን ያህል ቀረህ እያለ በተወሰነ ቃል ያበረታታል። መጨረሻ ላይ ትንፋሽዎ ምን ያህል ከበደ፣ እግርዎ ምን ያህል ደከመ ተብሎ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይጠየቃል። ደረት ከወጋ፣ ከዞረ ወይም ኦክስጅኑ ከ80 በመቶ በታች ከወረደ ምርመራው ይቆማል። ባለፈው አንድ ወር የልብ ድካም በድንገት ያጠቃው ሰው በዚያ ሰሞን አይራመድም።

ከዚህ የረቀቀ ምርመራ አለ፤ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ አፍና አፍንጫን በሚሸፍን ጭምብል የሚደረገው። ብዙ ይናገራል፣ ለቀዶ ጥገና የሚዘጋጅ ሰው ሊያስፈልገው ይችላል። ነገር ግን በዕድሜው ፔዳል ረግጦ የማያውቅ የሰባ አምስት ዓመት ሰው ብስክሌት ላይ ሲወጣ ሳንባው ከመድከሙ በፊት ጭኑ ይዝላል፤ የሚሮጠው ምንጣፍ ላይም ብረቱን አንቆ ይይዛል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኮሪደሩ ይሻላል። በልጅነቱ ከብት የጠበቀ፣ በ1984 ሱዳን ድረስ በእግሩ የሄደ ሰው ስለ መራመድ የሚያስተምረው አያስፈልገውም።

ይህን የሚሉ አሉ ደግሞ፦ «ሱዳን ድረስ ሄጃለሁ፣ ስድስት ደቂቃ ምን ታደርገኛለች?» ይህ ኩራት የተገባ ነው። የሄደው ግን የዛሬ አርባ ዓመቱ ሳንባ ነው።

አሁን ወደሚበላሸው ነገር እንምጣ ቢባል፣ የመጀመሪያው ቃሉ ነው። የምርመራው ትእዛዝ «የቻልከውን ያህል ሩቅ ሂድ» ነው። በዕብራይስጥ በችኮላ ተነግሮ፣ በእጅ ምልክት ታግዞ፣ «ሂድ፣ ተመለስ» ሆኖ ከደረሰ ሽማግሌው የሚሄዱት በሽማግሌ ወግ ነው፤ ቀስ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ያገኙትን ሰላም እያሉ። ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ፊት መጣደፍ ነውር ይመስላል። ውጤቱ 280 ሜትር ይወጣል። 280 ሜትሩ የሳንባ ነው የጨዋነት? ማንም አያውቅም። በተቃራኒው ደግሞ «እንዳልናቅ» ብለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ጉልበታቸውን ጨርሰው ግድግዳ የሚደገፉ አሉ። ሁለቱም ትእዛዙን በአማርኛ ወይም በትግርኛ በሚገባ ቢሰሙ ኖሮ ሌላ ቁጥር ያመጡ ነበር። መመሪያው በየደቂቃው የሚነገረውን ማበረታቻ እንኳ ቃል በቃል የወሰነው ቃል እርምጃን ስለሚለውጥ ነው። ያልተረዱት ማበረታቻ ደግሞ ጩኸት ነው።

ከ0 እስከ 10 ያለው ጥያቄ ላይም እንዲሁ። ትንፋሽን በቁጥር መናገር ለብዙ አረጋውያን እንግዳ ነገር ነው፤ «ስንት ልበል ልጄ? አንቺ የመሰለሽን ጻፊ» ይላሉ። ቃላቱም ያሳስታሉ። አማርኛ የሚናገር ሰው ትንፋሹ ሲያጥረው «ልቤ ደከመ»፣ «ልቤን አፈነኝ»፣ «ደረቴ ጠበበ» ሊል ይችላል። እዚህ ተወልዶ አማርኛው የሳሳ የልጅ ልጅ «ልቤ ደከመ» የሚለውን በዕብራይስጥ የልብ ሕመም አድርጎ ቢያስተላልፈው ታማሚው ወደ ልብ ሐኪም ይላካል፤ ወራት ቶር ይጠብቃል። ለልጁ አይፈረድበትም። የሚያስተረጉመው ሰው የሚያስፈልገው በትክክል እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋና ባህል እንዲያገለግሉ ያዛል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው፤ ይህ ግን በጣም ጥቂት ሰው የሚያነሳው ነው። ብዙ አረጋውያን እስራኤል ሲገቡ የልደታቸው ቀን በግምት ተጽፎላቸዋል። «በጣሊያን ጊዜ ነው የተወለድኩት»፣ «የክፉ ቀን ማግስት» የሚለው መልስ ተዑዳት ዘሁት ላይ ቁጥር መሆን ነበረበትና ሆነ። አንዳንዱ በአሥር ዓመት ያረጀ፣ አንዳንዱ በአሥር ዓመት የወጣ። በጡረታ ላይ ያመጣው ጣጣ የታወቀ ነው። በሳንባ ምርመራ ላይም ጣጣ አለው። ክሊኒኩ የተሄደውን ሜትር «ከሚጠበቀው ስንት በመቶ ነው» ብሎ ሲያሰላ ቁመት፣ ክብደትና ዕድሜ ያስገባል። ከታወቁት ቀመሮች አንዱ በ1998 የታተመው ነው፤ በአሜሪካ አሪዞና ውስጥ 290 ጤነኛ ሰዎችን አራምዶ የተሠራ። በዚያ ቀመር ለሴት እያንዳንዱ የዕድሜ ዓመት 5.78 ሜትር ይቀንሳል፣ ለወንድ 5.02 ሜትር።

ቁመታቸው 155 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው 60 ኪሎ የሆነ እናት 340 ሜትር ሄዱ እንበል። እውነተኛ ዕድሜያቸው 70 ነው። ቀመሩ 452 ሜትር ይጠብቅባቸዋል፤ ስለዚህ የሄዱት 75 በመቶ ነው። ተዑዳት ዘሁታቸው ግን 80 ይላል። ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው 394 ሜትር ይሆናል፤ ያው 340 ሜትር አሁን 86 በመቶ ተብሎ ይወጣል። ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ሳይጨምሩ ተሻላቸው! በአሥር ዓመት የዕድሜ ስህተት የመጣው ልዩነት 58 ሜትር ነው፤ ሐኪሞች «ይህ ሰው በእውነት ተለውጧል» ለማለት የሚፈልጉት ደግሞ 30 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ማምለጫው አስቸጋሪ አይደለም። አንደኛ፣ ዕድሜው ግምት መሆኑን ለሐኪሙ መንገር። ለሐኪም የተነገረ ግምት የመንግሥት ምዝገባን አይነካም፣ የጡረታ ገንዘብም አያስቀርም። ሁለተኛ፣ ሰውየውን ከአሪዞና ሰዎች ጋር ከማወዳደር ይልቅ ካለፈው ዓመት ከራሱ ጋር ማወዳደር። ዓምና 390 ሄዶ ዘንድሮ 340 የሄደ ሰው፣ መቶኛው ምንም ቢል፣ ወርዷል።

ለዚህ ደግሞ የመጀመሪያው ልኬት የታመነ መሆን አለበት። ሰው መጀመሪያ ሲራመድ ያፍራል፣ ይፈራል፤ ሁለተኛውን ሲደግም አውቆት ይረዝማል። የ2014ቱ መመሪያ ሁለት ጊዜ አስሂዶ የተሻለውን መያዝ የሚለው ለዚህ ነው። ሰዓት የጠበበው ክሊኒክ አንዱን ብቻ አስሂዶ ሊሸኝ ይችላል። ዓምና አንዴ፣ ዘንድሮ አንዴ ከተሄደ፣ ዘንድሮ የረዘመው መድኃኒቱ ሠርቶ ነው ወይስ ኮሪደሩን ለምዶት? የሠላሳ ደቂቃ ዕረፍትና ሁለተኛ እርምጃ ይህን ጥርጣሬ ያስቀረዋል። በቶር ወራት ተጠብቆ ለተገኘ ምርመራ ይህን ያህል መጠየቅ አይበዛም።

ሦስተኛው ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ነው። በብርሃን ይሠራል፤ ብርሃኑ በቆዳ ያልፋል። በ2020 በአሜሪካ ሆስፒታሎች የተደረገ ትልቅ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያሳየ በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ከ88 በታች የተገኘ ሰዎች በጥቁሮች ዘንድ 11.7 በመቶ፣ በነጮች ዘንድ 3.6 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። በዓመቱ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ይህ ማለት መሣሪያው ይጣል ማለት አይደለም። ነገር ግን አንድ ጠቆር ያሉ አባት እየተራመዱ ከንፈራቸው ገርጥቶ፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ መሣሪያው «92፣ ጥሩ ነው» ካለ፣ ከመሣሪያው ይልቅ አባትየውን ማየት ይገባል፤ ከደም ወሳጅ ቧንቧ የሚወሰድ የደም ምርመራም መጠየቅ ይቻላል። የኦክስጅን መሣሪያ ቤት ይግባ አይግባ የሚወሰነው በእነዚህ ጥቂት ነጥቦች ነውና። የጥፍር ቀለምና የቀዘቀዘ ጣትም ቁጥሩን ያበላሻሉ፤ ጠዋት በብርድ የመጡ እናት እጃቸውን አሟሙቀው ይጀምሩ።

«ታውቆስ ምን ይፈይዳል? ሳንባ አይተካ» የሚል ተስፋ የቆረጠ ሰው አይጠፋም። ይፈይዳል። የተበላሸ ሳንባ ባይመለስም እግር ይመለሳል። የሳንባ ተሐድሶ የሚባለው፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ በባለሙያ ፊት የሚደረግ የእርምጃና የጡንቻ ልምምድ ነው፤ ሳምንታት ይወስዳል። በ2015 የ65 ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ፣ ሲኦፒዲ የተባለው የሳንባ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በልምምዱ ትንፋሻቸው እንደሚቀል፣ የሚሄዱበትም ርቀት እንደሚረዝም በማያጠራጥር ሁኔታ ታይቷል። ወደዚያ ለመላክ ደግሞ ሐኪሙ በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ይፈልጋል። «ደህና ነኝ» ያለ ሰው አይላክም፤ 290 ሜትር የሄደ ሰው ይላካል። ርቀቱ ሌላም ነገር ይናገራል። በ2004 በታተመና ሐኪሞች እስከ ዛሬ በሚጠቀሙበት ስሌት ክብደት፣ የትንፋሽ መለኪያው፣ የትንፋሽ ማጠሩና የስድስት ደቂቃው ርቀት ተደምረው የታማሚውን አደጋ ከትንፋሽ መለኪያው ብቻ ይልቅ በተሻለ ይገምታሉ። በዚያ ስሌት ከ350 ሜትር በታች የሄደ ሰው ነጥብ ይቆጠርበታል፤ ከ150 በታች የሄደ ደግሞ ከፍተኛውን።

ሐኪም ቤቱ ሩቅ አይደለም። ከተማው ዳር፣ ቢሉ መገናኛ አጠገብ ያለው ካፕላን ሆስፒታል የሳንባ ክፍል አለው፤ አራቱም ኩፓት ሆሊሞች በየአካባቢው የሳንባ ሐኪም አላቸው። መንገዱ የሚጀምረው ከቤተሰብ ሐኪሙ ነው፤ የመላኪያ ወረቀቱን የሚጽፈው እሱ ነው። እሱ እንዲጽፍ ደግሞ የሆነ ሰው ስለ ጸሎት ቤቱ፣ ስለ ሦስተኛው ፎቅ፣ ስለ ቀረው ለቅሶ ሊነግረው ይገባል። ሽማግሌው ራሳቸው ካልተናገሩ ሚስት፣ ልጅ ወይም ጎረቤት። እዚህ ላይ የቄሶችና የሽማግሌዎች ቃል ከሐኪም ቃል ይበልጣል። ባልና ሚስትን አስታርቆ፣ የደም ካሳ ጨርሶ የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ጓደኛውን «አንተ ሰው፣ ከበር እስከ በር ሦስት ጊዜ ቆምክ፤ ለሐኪሙ ንገረው፣ አብሬህ እሄዳለሁ» ማለት አያቅተውም። ደግሞም እንዲህ ብሎ ይጨምርበት፦ «ሲያስኬዱህ የኔን ቤት ስትመጣ እንደምትሄደው አትሂድ፤ አውቶቡስ ሊያመልጥህ ሲል እንደምትሄደው ሂድ። ከደከመህ ቁም። ማንም አይታዘብህም።»

ውጤቱ ሲወጣ ቅጂውን መያዝ ያስፈልጋል። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ማንም ታማሚ የሕክምና መረጃውን ቅጂ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ወረቀቱ ላይ መታየት ያለበት ስንት ሜትር እንደተሄደ፣ ስንት ጊዜ እንደቆሙ፣ ኦክስጅኑ ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ፣ አንዴ ወይም ሁለቴ እንደተሄደ ነው። መቶኛው ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ጎዶሎ ነው። ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን በታች ካለው መሳቢያ ከሠርግ ፎቶዎቹ ጋር ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ዓመት ሐኪም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ቀረ፤ የአገር ቤት ጉዞ። አርባ ዓመት ያላዩትን መንደር፣ የአያት መቃብር ሳላይ አልሞትም የሚሉ አረጋውያን በየዓመቱ ወደ ጎንደር ይሄዳሉ። ረሆቮት ከባሕር ወለል ብዙም አትርቅም፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከዚያም ይበልጣል። አውሮፕላኑ ራሱ ውስጡ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንዳለው ያህል ሊሳሳ ይችላል። በወጣትነት የኖሩበት አየር ነውና ማንም አይፈራውም፤ ረሆቮት ላይ 300 ሜትር ሄዶ ኦክስጅኑ የሚወርድ ሳንባ ግን እዚያ ደርሶ መተኛት ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ልጆቹ ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት የሳንባ ሐኪሙን ይጠይቁ፦ የአባታችን እርምጃ መቼ ነው የተለካው፣ ለበረራውና ለከፍታው ተጨማሪ ምርመራ ወይም የሚያዝ ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል ወይ? አየር መንገዶች ለኦክስጅን አስቀድሞ የሐኪም ወረቀት ይፈልጋሉ፤ በጉዞው ዋዜማ የሚያልቅ ነገር አይደለም።